ዜሮ ያገኘው ብረት

የሺሃረግ ዜሮ አግኝቶ የሚስቅ ሰው አይታ አታውቅም። እሷ ትምህርት ቤት በነበረችበት ዘመን ዜሮ ያገኘ ልጅ ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ በጓሮ በኩል ነበር ቤት የሚገባው። ዛሬ እሑድ ማለዳ ግን ነጠላዋን አጣፍታ በልጇ ክፍል በር ስታልፍ፣ ሩሐማ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላ ብቻዋን ትስቃለች። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መውጫው የጠፋት ልጅ፣ እንደ ሕፃን እያጨበጨበች «ዜሮ! ዜሮ! ዜሮ! ዜሮ!» ትላለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች የሺሃረግ።

«እማዬ፣ ጥቁሩ! ቸርች በር ላይ ያለው ጥቁር ብረቴ! አራት ሳምንት ሙሉ ባክቴሪያ የለበትም። አንድም! ፕሮፌሰሬ ራሱ ‹እንደዚህ አይቼ አላውቅም› አለኝ።»

«ዜሮ ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«ከዚያ በላይ የለም!»

የሺሃረግ «ተመስገን» ብላ ወደ ማድ ቤት ሄደች። እዚያ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ፣ በላስቲክ የተጠቀለለችው ሰማያዊ መወልወያ ጨርቅ ቦታዋ ላይ መኖሯን አረጋገጠች። ከጎኗ ትንሿ የአልኮል ጠርሙስ አለች። ዜሮው የማን ሥራ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷና እግዚአብሔር፣ እንዲሁም በር ላይ የሚቆመው ዘውገ፣ ጓደኛዋ መዓዛና ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ምእመን።

ቤታቸው ሮድስ ራንች ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አጠገብ ነው። አጠገብ ማለት ከአጥሩ ውጭ ማለት ነው፤ የጎልፍ ሜዳው የሚታየው ከመታጠቢያ ቤታቸው መስኮት ሆኖ፣ ለዚያውም የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ለወጣ ሰው ብቻ ነው። ባሏ ተክለማርያም የኤርፖርት ሚኒባስ ስለሚነዳ እሑድን በሺፍት ነው የሚያሳልፈው። እሷ ዳውንታውን ካሉት ያረጁ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ስታጸዳ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗታል። በቀን አሥራ አራት ክፍል። ከኋላዋ ሜሪ የምትባል ሱፐርቫይዘር ትመጣለች፤ ነጭ ሶፍት ጣቷ ላይ ትጠቀልልና የአልጋውን ራስጌ፣ የመብራቱን ቆብ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ታስሳለች። ሶፍቷ ነጭ ሆና ከተመለሰች ክፍሉ አለፈ። ነጥብ ከታየባት ወደቀ። የሺሃረግ የፈተናን ምንነት የተማረችው ከዚህች ሶፍት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ በነሐሴ ወር ሩሐማ ቀሲስ ኤልሳዕን አስፈቅዳ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች በቤተ ክርስቲያኑ የውስጠኛ በር ላይ ስታስመታ፣ እናቷ ነገሩ ወዲያው ነው የገባት። በሩ ባለ ሁለት መዝጊያ ነው፤ ሰው ጫማውን መተላለፊያው ላይ አውልቆ፣ መቃኑን ተሳልሞ፣ በመዳፉ ገፋ አድርጎ ይገባል። መዳፍ በሚያርፍበት ቦታ በግራው መዝጊያ ላይ ጥቁሩ፣ በቀኙ ላይ እንደ መስታወት የሚያበራው ነጩ ተራ ብረት ተመታ። ያን ዕለት ሩሐማ ድምፅ ማጉያ ይዛ፣ ጥቁሩ መዳብ ከሌላ ብረት ጋር ተቀይጦ በሌዘር የተሠራ መሆኑንና የሰው እጅ የሚተወውን ጀርም እንደሚገድል በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳች። በየሳምንቱ ባለ ጥጥ እንጨት ይዛ እየመጣች ሁለቱንም ትጠርጋለች፤ ጥጡ ላይ የተገኘውን ላቦራቶሪ ውስጥ አብቅላ ትቆጥራለች። መዓዛ እጇን አውጥታ «ለጉልበት ቁርጥማትስ ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። ሩሐማ እንደማይሆን ነገረቻት፤ መዓዛ ግን ለማንኛውም ብላ ለሁለት ሳምንት ጉልበቷን አሸችበት። ከብረቶቹ በታች «ጥናት ላይ ነው፤ እባክዎን አያጽዱ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

ሰባት ሳምንት እንደዚያ ሄደ። በሰባተኛው ሳምንት ሩሐማ እራት ላይ ሹካዋን ወርውራ «ጥቁሩ አሁንም ቆሻሻ አለው። ከነጩ ይሻላል እንጂ አለው። ፈታኝ ኮሚቴው ይሄን አይቶ አያሳልፈኝም» አለችና እንባዋ መጣ። የሺሃረግ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ልጇ በታኅሣሥ እንድትመረቅ አዳራሽ ተይዟል፤ ወንድሟ ከዴንቨር በረራ ቆርጧል፤ የምረቃ ቆብ ቅርፅ ያለው ቶርታ ታዟል፤ እሷም ከመቶ አርባ ዶላር ወደ ሰማንያ ዘጠኝ የወረደ ወይን ጠጅ ቀሚስ ገዝታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላለች። ይህ ሁሉ ለአንዲት ነጥብ ቆሻሻ ይፍረስ? ለዚያውም ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ስታባርር የኖረች እናት እያለች? ወረቀቱ ‹አያጽዱ› ማለቱን አልዘነጋችም። ሜሪም እኮ ‹ኬሚካል አታብዙ› ብላ ትለጥፋለች፤ ሶፍቷን ጠቅልላ ስትመጣ ግን ወረቀቱን የሚያስታውስ የለም። እናም በስምንተኛው እሑድ ቀደም ብላ ደርሳ ጥቁሩን ብረት በጨርቋ ወለወለችው፤ ለዘውገ ነገረችው፤ ለመዓዛም ነገረቻት። ለመዓዛ የተነገረ ነገር ደግሞ ለሁሉም የተነገረ ነው።

ዛሬ አሥራ ሁለተኛውና የመጨረሻው እሑድ ነው። ሩሐማ እናቷን ቤተ ክርስቲያን አድርሳ ወደ ላቦራቶሪ ልትሄድ፣ ከዚያ እንጨቶቿን ይዛ ቅዳሴው ሲያልቅ ልትመለስ ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን መኪና ውስጥ ዝምታ ነበር የሚሆነው። በእናትና በልጅ መካከል ሁለት ዓመት ሙሉ የነበረው ወሬ «በላሽ?» «በላሁ» ነው። የሺሃረግ ስለ ሥራው ጠይቃ አታውቅም፤ ያልተማረች መሆኗ እንዳይታይባት ትፈራለች። ሩሐማም አስረድታ አታውቅም፤ አማርኛዋ ሲያጥራት እናቷ እንድታይ አትፈልግም። ሁለቱም እየተከባበሩ ተዘጋጉ። ዛሬ ግን ዜሮው የሩሐማን ምላስ ፈቶታል፤ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ታስረዳለች።

«ተመልከቺ እማዬ፣ ብረቱ ሲታይ ፍላት ነው፣ አይደል? በማይክሮስኮፕ ስታዪው ግን ሙሉ እሾህ ነው፤ በጣም በጣም ትንንሽ። ሌዘሩ ነው እንደዚያ ያደረገው። ለዛ ነው ጥቁር የሆነው፤ ብርሃኑ እሾሁ ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም። ባክቴሪያውም ይገባል፣ አይወጣም። መዳቡ እዚያው ይገድለዋል።»

«ማንም ሳይወለውለው?» አለች የሺሃረግ።

«ማንም! ያ ነው እኮ ነገሩ። ከተወለወለማ ምን ዋጋ አለው? ሁለት መቶ ሰው በቆሻሻ እጁ ይነካዋል፣ እሱ ራሱን ያጸዳል። ቴስቱ እሱ ነው። ሰው ካልነካውማ፣ ጨረቃም ንጹሕ ናት።»

የሺሃረግ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እቅፍ አደረገች። ውስጧ ያለችው ጨርቅ የምትናገር ይመስል ዚፑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ሩሐማ ቀይ መብራት ላይ ቆማ የእናቷን እጆች አየች። በሳሙናና በማጽጃ ኬሚካል ብዛት የጣቶቿ ጫፍ እንደ ወረቀት ለስልሷል። አምና መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ የአሻራ ማሽኑ አላነብም ብሎ፣ ጸሐፊዋ አሥሩንም ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጫነች «ሌላ ሞክሪ፣ ሌላ ሞክሪ» ስትላት ሩሐማ አጠገቧ ነበረች።

«ያን ቀን አልረሳውም» አለች ሩሐማ። «ሆቴሉ ውስጥ የበር እጀታው፣ የሊፍቱ፣ የባኞው፣ ሁሉ እንደዚህ ቢሆን ያን መርዝ በቀን አሥራ አራቴ አትነኪም ነበር። ለአንቺ ነው የሠራሁት እኮ። ነግሬሽ አላውቅም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። የሺሃረግ «በላሽ?» አለች።

«በላሁ» አለች ሩሐማ፤ እየሳቀች።

መተላለፊያው ላይ የጫማው መደርደሪያ ገና ግማሹ ባዶ ነው። ዘውገ በሩ ላይ ቆሟል። ፍሪሞንት ስትሪት አንድ ካዚኖ በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሴኩሪቲነት ቆሞ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ነው የሚቆመው። የግራውን መዝጊያ መቀርቀሪያ ወደ ታች አውርዶ ተረከዙን ደገፍ አድርጎበታል። የሚመጣውን ሁሉ ጠቀስ እያደረገ «በቀኝ፣ በቀኝ በኩል» ይላል። ምእመኑም መቃኑን ተሳልሞ፣ ጥቁሩን ብረት እንደ እሳት እየሸሸ፣ ነጩን ገፍቶ ይገባል። አንዲት እናት ልጇን ስታዝል የነጠላዋ ጫፍ ጥቁሩን ሊነካው ሲል ዘውገ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ መለሰላት። ነጩ ብረት የሁለት መቶ ሰው ወዝ ብቻውን ተሸክሞ ጉም ለብሷል። ሁሉም ሲያልፍ የሺሃረግን ያያትና ይጠቅሳታል። አንዱ እንዲያውም አውራ ጣቱን አነሣላት። የሺሃረግ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ዘውገ፣ የግራውን ክፈተው» አለች በሹክሹክታ።

«ኧረ እትዬ የሺ! በመጨረሻው ቀን?»

«ክፈተው እያልኩህ።»

ዘውገ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አያት፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «እየፈተኑኝ ነው። አይሥጉ፣ ዝንብም አታርፍበትም። ልጃችን ሳትመረቅ ይቺ በር አትከፈትም።»

የሺሃረግ እሱን ትታ ራሷ ልትነካው መዳፏን ዘረጋች። ከኋላ መዓዛ እጇን ለቀም አደረገቻት። መዓዛ ሎን ማውንቴን ካለው ቤቷ ሠላሳ ደቂቃ ነድታ የምትመጣ፣ ጉልበቷ እንጂ እጇ የማይደክም ሴት ናት። «አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ጨርቁስ?» አለቻትና እየጎተተች በቀኙ መዝጊያ ይዛት ገባች።

ሴቶች በሚቆሙበት በኩል፣ ቅዳሴው እየተዜመ፣ የሺሃረግ መኪና ውስጥ የሰማችውን በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ለመዓዛ ነገረቻት። ዜሮው የብረቱ አለመሆኑን፤ ያልተነካ ነገር ጨረቃም ብትሆን ንጹሕ መሆኗን፤ ልጅቷ ዛሬ የመጨረሻውን ጠርጋ ለፕሮፌሰሩ ልትደውልና ሐሙስ ይህን ዜሮ ይዛ ኮሚቴ ፊት ልትቆም መሆኑን። መዓዛ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ «ታዲያ ማን ያውቃል?» አለች።

«እኛ ሁላችን እናውቃለና።»

«እኛማ የራሳችን ሰው ነን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ልጅቷ ትመረቅ፤ ብረቱ ከዚያ በኋላ የራሱ ጉዳይ ነው።»

የሺሃረግ ይህን ምክር ወደደችው። ወደደችውና ለአሥር ደቂቃ ያህል ያዘችው። ወይን ጠጅ ቀሚሷን፣ ወንድሟን ኤርፖርት ስትቀበለው፣ ቶርታውን አሰበች። ቀጥላ ግን ሜሪን አሰበች። ሜሪ ሶፍቷን ይዛ ትመጣለች፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሆቴሉ ጥቁሩን ብረት ገዝቶ በየበሩ መትቶታል እንበል፤ ራሱን ያጸዳል ተብሎ ማንም አይነካውም፤ አንድ በሽተኛ ሲያስነጥስበት አድሮ ሄዷል፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ብረቱ በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም፤ እሷ አላስሞከረችውማ! ልጇ የእናቷን እጅ አይታ የሠራችውን ነገር እናቷ በገዛ እጇ ውሸት አደረገችው። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች በጸሎት የተነካች መስሏቸው አብረዋት አለቀሱ። ብረቱን ግን ያን ዕለት በጨርቋ አልወለወለችውም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው መተላለፊያው ላይ ሲፈስ ሩሐማ ደርሳለች። ሰማያዊ ጓንት አጥልቃ፣ በረዶ ያለባት ትንሽ ሳጥን ከጎኗ አድርጋ በሩ ሥር ተንበርክካለች። ሰዎቹ እንደ ሠርግ ታዳሚ ተሰብስበው ቆመው ያይዋታል። መጀመሪያ ነጩን ጠረገችና ጥጡን ቱቦ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሁለተኛውን እንጨት አውጥታ ጥቁሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላ ጠረገችው። ዘውገ ትንፋሹን ውጦ ያያል። ጥጡ ነጭ ሆኖ ሲመለስ ከወደ ጫማው መደርደሪያ በኩል አንዲት አሮጊት እልል አሉ። ሩሐማ ቀና ብላ «ታንክ ዩ» አለች፤ ሕዝቡ ለሳይንስ ይህን ያህል ፍቅር እንዳለው አላወቀችም ነበር። ቱቦው ላይ ‹አሥራ ሁለት› ብላ ጻፈችና ስልኳን አወጣች። «በቃ፣ ለፕሮፌሰሩ ልደውል ነው።»

«አትደውዪ» አለች የሺሃረግ።

ከሕዝቡ መሀል ወጥታ ቦርሳዋን ከፈተች። በላስቲክ የተጠቀለለችውን ሰማያዊ ጨርቅና የአልኮሏን ጠርሙስ አውጥታ፣ እንደ ተያዘ ሌባ፣ ከበረዶው ሳጥን አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። ሩሐማ ጨርቁን አየችው። እናቷን አየች። እንደገና ጨርቁን አየችው።

«ስንት ጊዜ?»

«አራት እሑድ። ዛሬ አልነካሁትም፤ ግን ዛሬም ሰው አልነካውም። በእኔ ምክንያት ማንም አይነካውም። ቆሻሻ ካለበት አያሳልፉኝም ስላልሽ… እንደ ሜሪ ሶፍት መስሎኝ ነው ልጄ።»

ሩሐማ ዙሪያዋን አየች። በዚያች ቅጽበት መተላለፊያው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። እግሩ ላይ ጫማ ያለው ሰው እንኳ አጎንብሶ ጫማ ይፈልጋል። ቀሲስ ኤልሳዕ ከውስጥ ብቅ ሲሉ ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ፤ ዘውገ ራሱን አጎንብሶ ነገራቸው። «ታዲያ እኔን መቀርቀሪያው ተበላሽቷል አላልከኝም?» አሉት። «እኔስ አራት ሳምንት በቀኝ በኩል የገባሁት በማን ሆነና!» ዘውገ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የካዚኖ በር ሲጠብቅ እንደዚያ ያለ አሳፋሪ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም።

ሩሐማ ጓንቷን አወለቀች፤ ጨርቁን ኪሷ ከትታ ሳጥኗን አንሥታ ወጣች። የሺሃረግ ተከትላት እስከ ውጭው በር ሄደችና እዚያው ቀረች። ፓርኪንጉ ላይ ልጇ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሯን ዘግታ ስልክ ታወራለች። በመስታወቱ በኩል አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቃሉ አይሰማም። አንዴ ግንባሯን መሪው ላይ ደገፈች። አንዴ አንገቷን ነቀነቀች። የሺሃረግ የጥቅምት ፀሐይ አናቷ ላይ እያረፈባት ቆማ፣ ልጇን ገና ታዳጊ ሳለች ትምህርት ቤት አድርሳት ስትመለስ ታደርግ እንደነበረው በሩቁ ታያታለች። መዓዛ ወንበር አምጥታ «ቁጭ በይ» አለቻት። አልቀመጥም አለች። መዓዛም ወንበሩ ላይ ራሷ ተቀመጠችበት።

ሩሐማ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን ረግቷል። «ሐሙስ የለም» አለች። «አራቱን ሳምንት ሰርዘነዋል፤ ዛሬንም። አምስት ሳምንት እንደገና መሥራት አለብኝ። ለታኅሣሥ አይደርስም፤ ግንቦት ነው የምመረቀው።»

«አዳራሹን እኔ አሰርዘዋለሁ» አለች የሺሃረግ።

«በጣም ነው የተናደድኩት እማዬ። ዛሬ አላናግርሽም ብዬ ነበር።» ሩሐማ መሬት መሬት አየች። «ፕሮፌሰሬ ግን ሳቀ፤ ታውቂያለሽ? ስነግረው በጣም ሳቀ። ከዚያ ‹እናትሽ ባይነግሩሽ እኔና አንቺ በዓለም ፊት እናፍር ነበር› አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንቶች ጥሩ ናቸው አለ። ዜሮ አይደሉም፤ ግን እውነት ናቸው።»

የሺሃረግ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ከዚህ ሁሉ የከበዳት ‹እናትሽ ባይነግሩሽ› የሚለው ነበር። የፈረንጁ ቋንቋ አንቱታ አያውቅም፤ በአክብሮት የተረጎመችው ሩሐማ ናት። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ተመልሳም የቤተ ክርስቲያኑ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ገባች። ሰው ምሳውን እያነሣ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ድምፅ ማጉያውን ከዘውገ እጅ ተቀበለች።

«ስሙኝማ» አለች፤ ድምፅ ማጉያው ጮኸባት። «ለእኔ ብላችሁ ያደረጋችሁትን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አበላሽተናል። ብረቱ ሥራው መቆሸሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በግራ በኩል ግቡ፣ በግራ በኩል ውጡ፣ በቀኝም፤ ብቻ ንኩት! እጃችሁን ደግሞ እንደ እኔ ታጥባችሁ እንዳትመጡ!»

ከሕዝቡ ሳቅ ተነሣ። ዘውገ በክብር ተራምዶ ሄዶ መቀርቀሪያውን ወደ ላይ ሳበው። ሰዎች ሊሞክሩ ተሰለፉ። ሩሐማ «ኖርማል! እንደ ወትሮው ብቻ!» እያለች ከኋላ ትጮኻለች። ነገር ግን አራት ሳምንት የተከለከለ ሰው በር እንዴት ነበር የሚገፋው? አንዱ በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ እንደ ተቃጠለ መለሰው። ሌላው ሁለት እጁን ለጥፎ እንደ ተበላሸ መኪና ገፋው። ዘውገ እንደ ካዚኖ ደንበኛ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ቀሲስ ኤልሳዕ ለአርአያ ያህል ብለው ገፋ አድርገው አለፉ፣ ከዚያም ልክ መሆኑን ለማየት ዞር ብለው ሩሐማን ጠየቋት። መዓዛ በዘይት እጇ ልትነካው ስትል ሩሐማ እጇን ያዘቻት፤ መዓዛም ጉልበቷን አስጠግታ «ይሄስ?» አለች። ሩሐማ ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። የጠዋቱን ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቅ ነው።

ሰው ሄዶ መተላለፊያው ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ብቻ ሲቀር፣ የእናትና የልጅ፣ የሺሃረግ በሩ ፊት ቆመች። ጥቁሩ ብረት ላይ የሰው መዳፍ ደራርቦ ታትሞበታል፤ በስተ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ። አሰበችው። አራት እሑድ በጨርቅ ወልውላዋለች፤ ከነሐሴም ጀምሮ ቢሆን ሁልጊዜ በክርኗ ገፍታ ነው የገባችው፤ የልጇን ዕቃ እንዳታቆሽሽ። በባዶ እጇ ነክታው አታውቅም።

«እኔስ?» አለች። «እኔ እኮ ማሽንም አያነበኝም።»

«ንኪው» አለች ሩሐማ።

የሺሃረግ መዳፏን ለጠፈችው። ቀዝቃዛ ነው፤ እሾሁ አይታወቅም። ስታነሣው መዳፏ እዚያ ቀርቷል፤ አምስቱም ጣቶች፣ የጋብቻ ቀለበቷ ያለበት ቦታ ሳይቀር፣ ጥርት ብለው ጥቁሩ ላይ ግራጫ ሆነው ወጡ። ደንግጣ አየችው። ሌላው እጇ ሳታዝዘው ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ጨርቁን ይፈልጋል። ጨርቁ የለም፤ ሩሐማ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

«ተይው እማዬ» አለች ሩሐማ። «እሑድ መጥቼ የምቆጥረው እሱን ነው።»

ጫማቸውን አደረጉ። ሩሐማ መብራቱን አጠፋች። የሺሃረግ በሃያ ሰባት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የእጅ አሻራ አይታ ዝም ብላ አለፈች።